በቴስቶስትሮን ሕክምና ወቅት የሚከሰት የቀይ የደም ሕዋሳት መብዛት፦ በሐረር ከፍታ ላይ የሄማቶክሪት ቁጥር አነባበብ

አጽሕሮተ ጥናት

የቴስቶስትሮን እጥረት ላለባቸው ወንዶች ሆርሞኑን ተክቶ መስጠት ከሚያስከትላቸው የጎንዮሽ ጉዳቶች መካከል በብዛት የሚታየው የቀይ የደም ሕዋሳት ከመጠን በላይ መብዛት ነው። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ሄማቶክሪት ከ54 በመቶ ሲያልፍ ሕክምናው ለጊዜው እንዲቋረጥ ወይም መጠኑ እንዲቀነስ ያሳስባሉ። ይህ ጽሑፍ የታተሙ ጥናቶችንና መመሪያዎችን በመዳሰስ፣ ይኸው ቁጥር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በሐረር እንዴት ሊነበብ እንደሚገባ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ ሦስት ነጥቦች አሉት። አንደኛ፣ የላቦራቶሪ የማመሳከሪያ ወሰንና የሕክምና የውሳኔ መስመር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሕክምና ላይ ሳለ የጨመረን ሄማቶክሪት «የከፍታው ጉዳይ ነው» ብሎ ለማለፍ አይፈቅዱም። ሦስተኛ፣ ከሁሉም የላቀው ማነጻጸሪያ የታካሚው የራሱ የቅድመ ሕክምና ልኬት ነው። በዚሁ መሠረት ለአካባቢው የሚስማማ የክትትልና የአያያዝ ቅደም ተከተል ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ ቴስቶስትሮን፣ ሄማቶክሪት፣ ሄሞግሎቢን፣ ከፍታ፣ ሐረር

1. መግቢያ

የቴስቶስትሮን እጥረት በልዩ ልዩ ምክንያቶች ይከሰታል። የፒቱታሪ ዕጢ እብጠት ወይም የቀዶ ሕክምናው ውጤት፣ ክላይንፌልተር የተባለው የክሮሞሶም ችግር፣ ከጉርምስና በኋላ የሚይዝ ጆሮ ደግፍ በዘር ፍሬ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፣ አደጋ፣ የካንሰር ሕክምና ተጠቃሽ ናቸው። እጥረቱ በምልክትና በተደጋጋሚ የጠዋት የደም ምርመራ ሲረጋገጥ ሆርሞኑን ተክቶ መስጠት የታወቀ ሕክምና ነው። ሕክምናው ጡንቻንና አጥንትን ያጠነክራል፤ የወሲብ ፍላጎትንና ስሜትን ያሻሽላል። ከዚሁ ጋር ደምን ያበዛል።

ይህ የመጨረሻው ባሕርይ ለአንዳንዱ ታካሚ ጥቅም፣ ለሌላው አደጋ ነው። የደም ማነስ ያለበት አረጋዊ በሕክምናው ሄሞግሎቢኑ ሊያገግም ይችላል። መነሻው ከፍ ያለ ሰው ግን ደሙ ከሚፈለገው በላይ ይወፍራል። ደም ሲወፍር በጠባብ ሥሮች ውስጥ የሚፈስበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ የመርጋት ዕድሉም እንዳይጨምር ያሰጋል።

ሐኪሙ በዚህ ጊዜ በሁለት ስሕተቶች መካከል ይቆማል። አንደኛው ቁጥሩን አቅልሎ ማለፍ ነው፤ የዚህ ዋጋ በሳንባ ወይም በእግር ደም ሥር ውስጥ የሚረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ቁጥሩን ብቻ አይቶ መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ነው፤ የዚህ ዋጋ ድካሙ፣ የአጥንቱ መሳሳትና የስሜቱ መውደቅ ተመልሶ የሚመጣበት፣ ምናልባትም መርፌውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሌላ ቦታ ወደ መፈለግ የሚገፋ ታካሚ ነው። በሐረር ይህን ሚዛን የሚያከብዱ ተጨማሪ ሁኔታዎች አሉ፦ የከተማዋ ከፍታ፣ የነዋሪዎቿ የአኗኗር ልማድና ናሙናው የሚወሰድበት ሰዓት። ሕይወት ፋና ሆስፒታልንና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅን በያዘች ከተማ ይህን ጥያቄ በአግባቡ መመርመር ለማስተማርም ለምርምርም ይጠቅማል።

2. ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያበዛበት መንገድ

ሄማቶክሪት በአንድ የደም ናሙና ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳት የያዙት ድርሻ በመቶኛ ሲገለጽ ነው። በተለመደው ሁኔታ በግራም በዴሲ ሊትር ከሚለካው የሄሞግሎቢን ቁጥር ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ቴስቶስትሮን ይህን ድርሻ ከፍ የሚያደርገው ቢያንስ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በብረት ማዕድን አጠቃቀም በኩል ነው። ጉበት የሚያመነጨው ሄፕሲዲን የተባለ ንጥረ ነገር ብረት ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባና ከማከማቻው እንዳይወጣ የሚቆጣጠር በር ጠባቂ ነው። ቴስቶስትሮን ሄፕሲዲንን ስለሚቀንስ በሩ ይከፈታል፤ መቅኔም ለሄሞግሎቢን ግንባታ የሚሆን ብረት በብዛት ያገኛል። ሁለተኛው በኩላሊት በኩል ነው። ኩላሊት የሚያመነጨው ኤሪትሮፖይቲን የተባለው ሆርሞን መቅኔ ቀይ ሕዋሳትን እንዲሠራ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቴስቶስትሮን በጀመሩ ወንዶች ላይ ኤሪትሮፖይቲን በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጨምራል፤ ኋላም ወደ መነሻው ይመለሳል እንጂ ከዚያ በታች አይወርድም። ደም በበዛበት ጊዜ ኤሪትሮፖይቲን ዝቅ ማለት ይገባው ነበር። አለመውረዱ ሰውነት አዲስና ከፍ ያለ የሚዛን ነጥብ እንደያዘ ያመለክታል።

ከዚህ አሠራር ለክትትል የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ጭማሪው ቀስ በቀስ የሚመጣ በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚደረግ ምርመራ ሙሉውን ሥዕል አያሳይም፤ ጉልሁ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ወደ 120 ቀናት ገደማ ስለሚኖር፣ መጠኑ ከተቀነሰ በኋላም ሄማቶክሪት ለመውረድ ወራት ይፈልጋል። መጠኑን በቀነሰ በሁለተኛው ሳምንት ውጤት የሚጠብቅ ሐኪም ለከንቱ ይደነግጣል። ሦስተኛ፣ ጭማሪው ከመድኃኒቱ መጠንና ከአሰጣጡ ጋር ይያያዛል። ጡንቻ ውስጥ የሚወጋ አጭር ቆይታ ያለው መርፌ በተሰጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሆርሞኑን ከተፈጥሮው በላይ ከፍ አድርጎ ቀጣዩ መርፌ ሲቃረብ ዝቅ ያደርገዋል፤ በቆዳ የሚቀባው ጄል ግን በየቀኑ ተቀራራቢ መጠን ይሰጣል። የደም መብዛቱም በመርፌ ከጄል ይልቅ በተደጋጋሚ ይታያል።

3. ሦስት ቁጥሮችና ሦስት ትርጉሞች

በአንድ የምርመራ ወረቀት ላይ ያለ የሄማቶክሪት ቁጥር ከሦስት ነገሮች ጋር ሊነጻጸር ይችላል፦ ከማመሳከሪያ ወሰን፣ ከውሳኔ መስመርና ከታካሚው መነሻ ልኬት። እነዚህ ሦስቱ ብዙ ጊዜ ስለሚምታቱ ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

3.1 የማመሳከሪያ ወሰን

የማመሳከሪያ ወሰን ጤነኛ ከተባሉ ሰዎች መካከል 95 በመቶ የሚሆኑት የሚገኙበትን ክልል ይናገራል። በአገራችን በዚህ ረገድ ዘወትር የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመውና 280 ወንዶችንና 205 ሴቶችን፣ በድምሩ 485 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ጎልማሶችን ያካተተው ጥናት ነው። በጥናቱ የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 16.1 ግራም በዴሲ ሊትር ሲሆን ወሰኑ ከ13.9 እስከ 18.3 ነበር። አማካይ ሄማቶክሪታቸው 48.3 በመቶ፣ ወሰኑም ከ41.6 እስከ 55.1 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል።

እነዚህን ቁጥሮች ከመመሪያዎቹ አጠገብ ስናስቀምጣቸው ችግሩ ወዲያው ይታያል። የአሜሪካ የኢንዶክሪን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ሄማቶክሪቱ ከ48 በመቶ፣ በከፍተኛ ቦታ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከ50 በመቶ በላይ ለሆነ ታካሚ ሕክምናው እንዳይጀመር ያሳስባል። የጤነኛ ኢትዮጵያውያን ወንዶች አማካይ 48.3 በመቶ ከሆነ የ48 በመቶው መስመር ከጤነኞቹ ግማሽ ያህሉን ከሕክምናው ሊያስቀር ነው። በሌላ በኩል የማመሳከሪያው የላይኛ ጫፍ 55.1 በመቶ በመሆኑ፣ ይህን ወሰን የሚከተል ላቦራቶሪ 54.5 በመቶ የሆነን ውጤት «መደበኛ» ብሎ ያለ ምልክት ሊያሳልፈው ይችላል። በመጀመሪያው ሁኔታ ታካሚው መድኃኒት ያጣል፤ በሁለተኛው ሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ያጣል።

3.2 የውሳኔ መስመር

የውሳኔ መስመር የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ይህ ቁጥር የተለመደ ነውን?» ሳይሆን «በዚህ ቁጥር ላይ እርምጃ መውሰድ ይገባልን?» የሚል። የኢንዶክሪን ማኅበሩ መመሪያ ሄማቶክሪት ከ54 በመቶ ሲያልፍ ሕክምናው እስኪወርድ ድረስ እንዲቆም፣ ታካሚው የኦክስጅን እጥረትና በእንቅልፍ ወቅት የአተነፋፈስ መቋረጥ እንዳለበት እንዲመረመር፣ ከዚያም በተቀነሰ መጠን እንዲጀመር ይመክራል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያም ከ50 በመቶ በላይ የሆነ መነሻ ምክንያቱ ሳይጣራ ሕክምና ከመጀመር መቆጠብን፣ ከ54 በመቶ በላይ ሲሆን ደግሞ መጠን መቀነስን ወይም ለጊዜው ማቆምን ያሳስባል።

የ54 በመቶው መስመር በዋናነት በባለሙያዎች ስምምነት የተሰመረ እንጂ 53ን ከ55 በመቶ በዕጣ አነጻጽሮ ከለየ ሙከራ የተገኘ አይደለም። ሆኖም ይህ መስመሩን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመውና ከ5,200 በላይ ወንዶችን ያሳተፈው ትራቨርስ የተባለ ሙከራ፣ የልብና የደም ሥር ሕመም ያለባቸው ወይም ለዚያ የተጋለጡ ወንዶች የቴስቶስትሮን ጄል ሲጠቀሙ ዋና ዋና የልብ አደጋዎች ከማስመሰያ መድኃኒት ተጠቃሚዎች እንዳልበለጡ አሳይቷል። በአንጻሩ በሳንባ ደም ሥር የሚረጋ ደም በቴስቶስትሮን ተጠቃሚዎች ላይ በርክቶ ታይቷል። ይህን ውጤት ለሐረር ስንጠቅስ ሁለት ነገሮችን መርሳት አይገባም፤ መድኃኒቱ ጄል እንጂ መርፌ አልነበረም፤ የተሳታፊዎቹ ሄማቶክሪትም በየጊዜው እየተለካ መጠኑ ይስተካከል ነበር። ስለዚህ የሙከራው አጽናኝ ክፍል ክትትል ለሌለው መርፌ ሊዋስ አይችልም።

3.3 ከፍታው ምን ያህል ያብራራል?

በከፍታ ላይ አየሩ የያዘው ኦክስጅን ስለሚሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢንን ከፍ በማድረግ ሊያካክስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባሻሻለው መመሪያ ከ1,500 እስከ 1,999 ሜትር ከፍታ ለሚኖር ሰው 1.1 ግራም በዴሲ ሊትር የሆነ የሄሞግሎቢን ማስተካከያ አስቀምጧል። ይህ በሄማቶክሪት ሲሰላ ወደ 3 ነጥብ ይጠጋል። በዚህ ስሌት ብቻ ለሚሄድ ሐኪም በሐረር የታየ 55 በመቶ በባሕር ጠለል ከ52 በመቶ ጋር እኩል ሊመስለው ይችላል።

ይህ አካሄድ ግን በሁለት ምክንያት አያስኬድም። የመጀመሪያው ምክንያት ማስተካከያው የተዘጋጀው የደም ማነስ በከፍታ ቦታ ሳይታወቅ እንዳያልፍ መሆኑ ነው፤ የደም መብዛትን ይቅር ለማለት አልተሰናዳም። ሁለተኛውና ክብደት ያለው ምክንያት የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ደም ለከፍታ የሚሰጠው ምላሽ የተለየ ሆኖ መገኘቱ ነው። ሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎች ሲለኩ፣ የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር፣ አማካይ የኦክስጅን ሙሌታቸው ደግሞ 95.3 በመቶ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች በባሕር ጠለል በሚኖሩ ሕዝቦች ክልል ውስጥ የሚወድቁ ናቸው። ለንጽጽር፣ በደቡብ አሜሪካ አንዲስ በ4,000 ሜትር ገደማ የሚኖሩ የአይማራ ወንዶች አማካይ 19 ግራም በዴሲ ሊትር አካባቢ ነው።

በእርግጥ የሰሜኑን ውጤት ለሁሉም የሐረር ነዋሪ በጅምላ ማልበስ ስሕተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ የዘረ መል ጥናት በባሌ ደጋ የሚኖሩ ኦሮሞዎች በሰሜን ከሚኖሩ አማሮች ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን እንዳላቸው አሳይቷል። ሐረር ደግሞ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው፣ ጉራጌውና አርጎባው አብረው የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ብዙዎቹም ከድሬዳዋ ቆላ ከ1,200 ሜትር አካባቢ እየተመላለሱ ይሠራሉ። ስለዚህ ለከተማዋ አንድ የጋራ የከፍታ ማስተካከያ ማውጣት አይቻልም።

ከዚህ የሚወጣው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከፍታ የታካሚውን መነሻ በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ ከመነሻው በኋላ የመጣውን ጭማሪ ግን ሊያብራራ አይችልም። ታካሚው ሕክምናውን ከመጀመሩ በፊትም በዚያው ከፍታ ላይ ይኖር ነበርና። በተመሳሳይ አስተሳሰብ፣ በ3,530 ሜትር አማካይ የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ ከሆነ፣ በሐረር ከ92 በመቶ በታች የሆነ ሙሌት በከፍታ ሊመካኝ አይገባውም፤ የሳንባ፣ የልብ ወይም የእንቅልፍ አተነፋፈስ ችግር መፈለግ ይኖርበታል።

3.4 የታካሚው መነሻ ልኬት

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ያመራል። ከ47 ወደ 53 በመቶ የወጣ ሰውና ከ50.5 ወደ 52 በመቶ የወጣ ሰው በወረቀቱ ላይ ተቀራራቢ ቁጥር ይዘዋል። የመጀመሪያው ግን በ6 ነጥብ ጨምሯል፤ ጉዞውም ገና ላያበቃ ይችላል። ሁለተኛው በ1.5 ነጥብ ብቻ ጨምሯል፤ ይህም በሁለት መደበኛ ልኬቶች መካከል የሚታይ መዋዠቅ ሊሆን ይችላል። መነሻ ልኬት ሳይወሰድ የተጀመረ ሕክምና ይህን ልዩነት ለዘለቄታው ይደብቃል። ስለሆነም ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ ቀን የተወሰደ ሙሉ የደም ቆጠራ በታካሚው መዝገብ ላይ መስፈር አለበት።

4. ልኬቱን የሚያዛቡ የአካባቢ ሁኔታዎች

አንድ ቁጥር ለውሳኔ ከመዋሉ በፊት እውነተኛ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሄማቶክሪት ድርሻ በመሆኑ የሕዋሳቱ ብዛት ሳይለወጥ የደሙ ውኃ ሲቀንስ ብቻም ከፍ ይላል። ይህ አንጻራዊ የደም መብዛት ይባላል።

በሐረር ለዚህ የሚያጋልጡ ሁኔታዎች ጥቂት አይደሉም። በረመዳን ወር ከሰዓት በኋላ ናሙና የሚሰጥ ጿሚ ከንጋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሰም፤ ውኃ ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም እንዲሁ። ከድሬዳዋ ሙቀት ተነሥቶ የመጣ ታካሚም ፈሳሽ ሊያንሰው ይችላል። በርጫ ላይ የቆየ ሰው በላብና ምግብ በመዝለል ምክንያት የሰውነቱ ውኃ ሊጎድል ይችላል። ጫት የደም ሥርን የሚያጠብና የልብ ምትን የሚያፋጥን ከመሆኑም በላይ በየመን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር አያይዞታል። ስለዚህ ደሙ በወፈረ ታካሚ ላይ ጫት ልኬትን ከማዛባት ያለፈ ተደራቢ ሥጋት ነው።

ከበርጫው ጋር አብሮ የሚሄደው ሲጋራ፣ ሺሻ ወይም ጋያ ሌላ ጉዳይ ያስከትላል። ጭሱ የያዘው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ስለሚቀማ ኩላሊት እጥረት የገጠመው መስሎት ኤሪትሮፖይቲን ይጨምራል። ይህ ጭማሪ እውነተኛ የሕዋስ መብዛት ነው፤ ምክንያቱ ግን መድኃኒቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰልም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል። በጣት ላይ የሚደረገው ተራ የኦክስጅን መለኪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ሄሞግሎቢን ለይቶ ስለማያሳይ፣ መልካም የሚመስል ሙሌት ማጤስን ነጻ አያወጣም። ስለዚህ የማጤስ ታሪክ በቀጥታ መጠየቅ አለበት።

የናሙና አያያዝም ድርሻ አለው። ክንድ ረዘም ላለ ጊዜ ከታሰረ ወይም ታካሚው ቆሞ ቆይቶ ወዲያው ደም ከሰጠ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ብዙ ሰዓት ከቆየ ሕዋሳቱ ያብጣሉ፤ መሣሪያው ሄማቶክሪትን የሚያሰላው ከሕዋስ ብዛትና መጠን በመሆኑ ውጤቱ ከእውነታው ይበልጣል። ሄሞግሎቢን በዚህ ረገድ የተሻለ መረጋጋት ስላለው ሁለቱን አብሮ ማንበብ ይበጃል። የሄማቶክሪቱ ቁጥር ከሄሞግሎቢን ሦስት እጥፍ በጉልህ የራቀ ከሆነ ናሙናው ይጠርጠር።

በተቃራኒው ደግሞ የብረት እጥረት መብዛቱን ሊሸፍነው ይችላል። በሁክዎርም ወይም በጨጓራ ቁስል ደም የሚያጣ ሰው የሕዋሳቱ ቁጥር ሲበዛ መጠናቸው ያንሳል፤ ሄማቶክሪቱም መካከለኛ ሆኖ ይቆያል። በሙሉ የደም ቆጠራ ላይ የሕዋሳቱን ብዛትና አማካይ መጠን አለማየት ይህን ያስመልጣል።

5. የክትትልና የአያያዝ ቅደም ተከተል

ከላይ በቀረበው ዳሰሳ መሠረት የሚከተለው ቅደም ተከተል ለአካባቢው ይስማማል ተብሎ ይታመናል።

ከሕክምና በፊት፦ ሁለት የጠዋት ልኬቶች ይወሰዱ። ሄማቶክሪት ከ50 በመቶ በላይ ከሆነ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ምክንያቱ ይጣራ። የማጤስ ልማድ፣ ማንኮራፋትና የቀን እንቅልፍ፣ የሳንባ ሕመም፣ ቀድሞ የደም መርጋት የገጠመው መሆን አለመሆኑ ይጠየቅ፤ የኦክስጅን ሙሌት ይለካ።

የክትትል ጊዜ፦ ከጀመሩ በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ መለካት የመመሪያው ዝቅተኛ ግዴታ ነው። በመርፌ ለሚታከም፣ ለሚያጤስ ወይም መነሻው ከ48 በመቶ በላይ ለሆነ ታካሚ በመጀመሪያው ዓመት በየ3 ወሩ መለካት ተገቢ ነው።

የናሙና ሁኔታ፦ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ታካሚው ውኃ ጠጥቶና ጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ፣ ከበርጫ ማግስት ባልሆነ ቀን። በረመዳን ቀጠሮው ከተቻለ ከወሩ በፊት ወይም በኋላ ይሁን።

ከ50 እስከ 54 በመቶ፦ ልኬቱ ይደገም። ከመነሻው በ5 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ 54 እስኪደርስ ሳይጠበቅ የአሰጣጡ ሁኔታ ይፈተሽ። ይህ የ5 ነጥብ መለኪያ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ እንጂ ከመመሪያ የተወሰደ አይደለም፤ በምርምር መፈተሽ ይገባዋል። የሆርሞኑ መጠን ከሚፈለገው በላይ ከሆነ ይቀነስ። በየ2 ሳምንቱ 200 ሚሊ ግራም የሚወስድ ሰው ያንኑ ከፍሎ በየሳምንቱ 100 ወይም ከዚያ ያነሰ ቢወስድ ጫፉ ይለዝባል። ረጅም ቆይታ ያለውን የ1,000 ሚሊ ግራም መርፌ የሚወስድ ከሆነ በመርፌዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ሊራዘም ይችላል። ጄል ከተገኘ መቀየርም አማራጭ ነው።

ከ54 በመቶ በላይ፦ በተደጋገመ ልኬት ከተረጋገጠ መድኃኒቱ ለጊዜው ይቁም፤ ሲወርድ በተቀነሰ መጠን ይጀመር። ይህ መስመር በሐረርም አይነሣም። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ማበጥ፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም የአካል መስነፍ ካለ የድጋሚ ልኬት ሳይጠበቅ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ ቆሞም ካልወረደ፦ ከ6 ወር በኋላ ቁጥሩ ከፍ እንዳለ ከቆየ፣ ወይም ነጭ የደም ሕዋሳትና ፕሌትሌት አብረው ከበዙ፣ ጣፊያ ካበጠ ወይም ገላን ከታጠቡ በኋላ ማሳከክ ካለ፣ ከመቅኔ የሚነሣ በሽታ መጠርጠር አለበት። ለዚህ የኤሪትሮፖይቲን ልኬትና የጃክ 2 የዘረ መል ምርመራ ወደሚደረግበት ማዕከል ይላክ።

6. ደም መቀነስን በተመለከተ

ሄማቶክሪት ሲጨምር ብዙዎች ቀድሞ የሚታያቸው መፍትሔ ደም ማውጣት ነው። ከ450 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ደም ሲወጣ ሄማቶክሪት በ3 ነጥብ ገደማ ሊወርድ ይችላል። በአስቸኳይ ሁኔታ በሐኪም ውሳኔ ይህ ቦታ አለው። እንደ ቋሚ አያያዝ ግን ሦስት ጉድለቶች አሉበት።

አንደኛ፣ መንሥኤውን አይነካም፤ የመድኃኒቱ መጠን እስካልተለወጠ ድረስ መቅኔ የወጣውን ይተካል። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት አብሮ ይወጣል። ሲደጋገም የብረት እጥረት ይመጣል፤ ምልክቱም ድካም ነው። ታካሚው መጀመሪያ ወደ ሐኪም የመጣው በድካም ምክንያት ስለነበር ድካሙ ሲመለስ መድኃኒቱ ያነሰው ይመስለዋል፤ መጠኑም ይጨመርለታል፤ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ደም የመቀነስን ጥቅም ለማሳየት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሙከራ የተደረገው ፖሊሳይቴሚያ ቬራ በተባለው የመቅኔ በሽታ በተያዙ ሰዎች ላይ ነው። በእነርሱ ሄማቶክሪትን ከ45 በመቶ በታች ማቆየት የልብና የደም ሥር አደጋን ቀንሷል። የበሽታው ጠባይ ግን ሌላ ስለሆነ የ45 በመቶውን ግብ ወደ ቴስቶስትሮን ታካሚ ማዛወር አይቻልም።

በአካባቢያችን ስለ ዋግምትና ስለ ሂጃማ መጠየቅም ከሐኪሙ ይጠበቃል። «ደምህ በዝቷል» የተባለ ታካሚ ወደዚያ ቢያስብ አያስገርምም። ጥያቄው በአክብሮት ይቅረብ፤ መልሱም ግልጽ ይሁን፦ የሚወጣው መጠን ስለማይለካ ክትትሉን ያሳስታል፤ መሣሪያው ንጹሕ ካልሆነም የጉበት ቫይረስንና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ይችላል።

7. የማስተማሪያ ምሳሌ

የሚከተለው ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ምናባዊ ምሳሌ እንጂ የማንም ታካሚ ታሪክ አይደለም። በጀጎል ውስጥ ሱቅ ያለው የ47 ዓመት ሰው የፒቱታሪ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ በየ3 ሳምንቱ 250 ሚሊ ግራም ቴስቶስትሮን ኢናንቴት ጀመረ እንበል። መነሻው 46 በመቶ ነበር። በ6ኛው ወር፣ በረመዳን ከሰዓት በኋላ ሲለካ 54.5 ሆነ።

ላቦራቶሪው ከ55.1 በታች ስለሆነ ምልክት አላደረገበትም። አንዱ ሐኪም «ከተማው ከፍታ ላይ ነው» ብሎ ሊያልፈው፣ ሌላው 54ን አልፏል ብሎ በዚያው ቀን ሕክምናውን ሊዘጋው ይችላል። ከላይ በቀረበው አካሄድ ግን ታካሚው ምልክት እንደሌለው ይረጋገጣል፤ ቀጣዩ መርፌ ይቆያል፤ በማግስቱ ማታ ካፈጠረ በኋላ በቂ ውኃ እንዲጠጣ ተነግሮት በነጋታው ጠዋት ይደገማል። ውጤቱ 52 ሆነ እንበል። የኦክስጅን ሙሌቱ 95 በመቶ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ጋያ ያጤሳል።

እውነተኛው ጭማሪ 6 ነጥብ ነው። ከዚህ ውስጥ ከፍታው ያመጣው የለም፤ መነሻውም የተለካው እዚያው ነው። የመርፌው ከፍተኛ ጫፍና ጋያው ግን ሁለቱም ሊስተካከሉ የሚችሉ ምክንያቶች ናቸው። መርፌው ወደ ሳምንታዊ 75 ሚሊ ግራም ይለወጣል፤ ስለ ጋያው ይመከራል፤ በ3 ወር ይለካል። ይህ ሰው ሕክምናውን አላጣም፤ ለአደጋም አልተተወም።

8. ማጠቃለያ

በቴስቶስትሮን ሕክምና ወቅት የሚታይ የቀይ የደም ሕዋሳት መብዛት አስቀድሞ የሚታወቅ፣ የሚለካና በአብዛኛው መጠንንና አሰጣጥን በማስተካከል የሚመለስ ችግር ነው። በሐረር የሚያስቸግረው ቁጥሩን በትክክለኛው ማነጻጸሪያ ማንበብ ነው። የማመሳከሪያ ወሰን የተለመደውን እንጂ አደጋ የሌለበትን አይናገርም። ከፍታ መነሻን እንጂ ጭማሪን አያብራራም። የ54 በመቶው መስመር ባለበት ይቆያል፤ ከዚያ በታች ግን ውሳኔውን የሚመራው የታካሚው የራሱ መነሻ ነው።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከዚህ የሚወጣ ግልጽ የምርምር ሥራ አለ። ሆርሞን የማይወስዱ ጤነኛ የሐረር ወንዶችን ሄሞግሎቢንና ሄማቶክሪት፣ የኦክስጅን ሙሌት፣ የማጤስና የጫት ልማድ በአንድ ሰዓትና በአንድ የናሙና ሥርዓት ለክቶ ከድሬዳዋ ነዋሪዎች ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ የመኪና መንገድ ሲሆን በመካከላቸው ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 700 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ያለው ጥናት እስኪሠራ ድረስ በእያንዳንዱ ታካሚ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚሰፍሩት ሁለት የጠዋት ልኬቶች ከማንኛውም ሠንጠረዥ የበለጠ ያገለግላሉ።